ሚስቴን ተከትዬ ኦክላሆማ ገጠር

ሀበሻ ስልክ ላይ ሰላም ካለህ በኋላ ቀጥታ "የት ስቴት ነህ?" ነው የሚለው። ኦክላሆማ ስትለው ትንሽ ዝም ይልና "እዚያ ደግሞ ሰው አለ እንዴ?" ይላል። ሰው ሲል ሀበሻ ማለቱ ነው። እሱም ኦክላሆማ ሲቲ ወይ ተልሳ መስሎት ነው እንጂ እኛ ያለነው ፐርኪንስ ነው፣ ከስቲልዋተር ወደ ደቡብ 16 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ 3,000 አካባቢ ሰው የሚኖርባት፣ ሁለት አውራ ጎዳና የሚገናኙባት ከተማ፣ ከተማ ካልናት። ትንሽ ወረድ ስትል ሲማሮን የሚባል ወንዝ አለ፣ ውሃው ቀይ ነው፣ አፈሩም ቀይ ነው፣ የልጆቹ ካልሲም በቃ ቀይ ሆኖ ቀርቷል።

የመጣነው ባለቤቴን ተከትለን ነው። እሷ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ መምህር ናት፣ ኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ፒኤችዲዋን እየሠራች ነው፣ ማሽላ ላይ። ዩኒቨርሲቲው ስቲልዋተር ቢሆንም ፐርኪንስ ላይ ሲማሮን ቫሊ የሚባል የምርምር ጣቢያ አለው፣ የእሷ ማሽላ እዚያ ነው የተዘራው፣ ኪራዩም እዚህ ይቀንሳል፣ ስለዚህ ሌሎቹ ተማሪዎች ካምፓስ አጠገብ ሲከራዩ እኛ እዚህ ገባን። እኔ የሂሳብ ሠራተኛ ነበርኩ አገር ቤት። ሥራዬን ለቅቄ ስመጣ ሰፈር ውስጥ ምን እንደተባለ አውቃለሁ፣ "ሚስቱን ተከትሎ ሄደ" ነው የተባለው። ውሸት አይደለም፣ ተከትዬ ነው የመጣሁት። ሴት ባሏን ተከትላ ስትሄድ ማንም ስሟን አያነሳም፣ ወንድ ሲሆን ግን ለቡና ወሬ ይሆናል።

የሥራ ፈቃድ እስኪመጣ ቤት ነበርኩ። ጄ ዋን በሚባለው የትምህርት ልውውጥ ቪዛ ላይ ያለ ሰው ትዳር አጋሩ ጄ ቱ ይባላል፣ ጄ ቱ ደግሞ ፈቃድ ጠይቆ መሥራት ይችላል፣ ግን የምታገኘው ገንዘብ የዋናውን ሰው ወጪ ለመሸፈን መሆን የለበትም ይላል ሕጉ። ለመዝናናትና ለባህል ነገር ይሁን ነው ሐሳቡ። እኔም ፎርሙ ላይ እንደዚያ ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ፈቃዱ ሲመጣ የከብት መኖ መደብር ውስጥ ገባሁ፣ 50 ፓውንድ የሚመዝን ከረጢት እየተሸከምኩ ፒካፕ ላይ እጭናለሁ፣ ያው 23 ኪሎ ማለት ነው። ለመዝናናት ነው እንግዲህ።

ስንመጣ በልባችን ለጊዜው ነው ብለን ነው የመጣነው። ይሄ ነገር ኑሮን እንዴት እንደሚያበላሽ ያልሞከረው አይገባውም። ፍራሽ መሬት ላይ፣ ጠረጴዛ የለም፣ መጋረጃ የለም፣ ስዕል አይሰቀልም፣ ምክንያቱም ስንሄድ ለማን እንተወዋለን? ብርድ ልብስ እንኳን ስንገዛ ቀለሉን ነው የምንመርጠው፣ ሻንጣ እያሰብን። ልጆቹ "ውሻ እናሳድግ" ሲሉ "እንሄዳለን እኮ"፣ "ሳይክል" ሲሉ "እንሄዳለን እኮ"። ዳላስ ብንገባ ኖሮ እንደዚሁ አሥር ዓመት መኖር ይቻል ነበር፣ አውቃለሁ ሰዎች አሉ እንደዚያ የሚኖሩ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሻንጣቸው ያልተፈታ። ትንሽ ከተማ ግን ይሄን አይፈቅድልህም። ጎረቤታችን ሽማግሌ ናቸው፣ እኛ ቤት ውስጥ ስማቸው "ጋሼ" ነው፣ እሳቸው አያውቁትም። አንድ ቀን ልጄን ለማድረስ ብለው በር ላይ ቆሙ፣ ገባ ብለው ቤቱን አዩት፣ ምንም አላሉም፣ ማታ ላይ ከልጃቸው ጋር ጠረጴዛ ተሸክመው መጡ። ከባድ የእንጨት ጠረጴዛ፣ የእናታቸው። "ለጊዜው ነው የመጣነው" አልኳቸው። "እኔም ሰማንያ ሊሞላኝ ነው" አሉኝ። ከዚያ ወንበር መጣ፣ ከዚያ አልጋ፣ የቤተ ክርስቲያናቸው ሰው ሁሉ ጓዳውን እያራገፈ እኛ ቤት አመጣው። አሁን ከሐረማያ የበለጠ ዕቃ አለን፣ አንዱንም አልገዛነውም።

ነጮቹ ደግ ናቸው ብዬ ልጽፍ አይደለም። ደግም አሉ፣ ሰላምታ የማይመልስም አለ፣ መኪናው ላይ የሚያስፈራ ስቲከር የለጠፈም አለ፣ ለእሱም መኖ ጭኜለታለሁ፣ ከሌላው በተለየ ጥሩ ቲፕ ሰጥቶኛል፣ ምን እንደማስብ እስካሁን አላውቅም። የምለው ሌላ ነው። 3,000 ሰው ውስጥ መደበቅ አይቻልም። መኪናህን ያውቋታል፣ ልጆችህ የማን ክፍል እንደሆኑ ያውቃሉ፣ ባለቤትህ ከፀሐይ በፊት ማሳ ውስጥ እንደምትገባ ያውቃሉ። ለጊዜው ነኝ ብትል ማን ይሰማሃል።

ማሳው ነገር ትንሽ ላውራ ምክንያቱም እኛ ቤት ከጁላይ ጀምሮ የሚወራው እሱ ብቻ ነው። ማሽላ አበባ ከማውጣቱ በፊት ራሱ ላይ የወረቀት ከረጢት ይደረግበታል፣ ከጎረቤቱ ዘር እንዳይደባለቅ። ከረጢቱን አጥልቀህ ታጥፍና በስቴፕለር ትመታዋለህ፣ ላዩ ላይ ቀን ትጽፋለህ፣ ወደሚቀጥለው። ጠል አለ፣ ስለዚህ እጅጌህ እስከ ክርን ይረጥባል፣ ሰዓቱ ሦስት ሲሆን ደግሞ (በእኛ አቆጣጠር) ያው ጠል ተኖ ቅጠሉ እንደ ምላጭ አንገትህን ይቆርጣል። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቹም ይሄዳሉ። ትልቋ ቀን ትጽፋለች፣ ትንሹ ስቴፕለር ይመታል፣ ባይመታ ይሻላል ግን ይመታል። ስትጨርስ ዞር ብለህ ስታየው ማሳው ሙሉ ቡናማ ከረጢት ያጠለቀ ረጃጅም ሰልፈኛ ነው።

እንግዲህ ይሄ ማሽላ የማን ነው ብትል ነገሩ ይረዝማል። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ የሸንኮራ አገዳ አፊድ የሚሉት ተባይ ቴክሳስና ኦክላሆማን ይዞ የማሽላ ገበሬ አስለቅሶ ነበር፣ ለዚህ ተባይ መቋቋሚያ ከሆኑት የዘር ምንጮች ውስጥ ከኢትዮጵያ የሄደ ማሽላ አለበት። ዜራ ዜራ የሚባለው የኢትዮጵያና የሱዳን ማሽላም ዓለም ላይ ያሉ አዳቃዮች ሲጠቀሙበት የኖሩት ነው። ባለቤቴ ይሄን ለጋሼ ስትነግራቸው ገበሬ ናቸውና "ታዲያ ክፈሉ እንዳትሉን" ብለው ሳቁ። እሷ አልሳቀችም፣ እሷ እዚህ ነገር ላይ ቀልድ አታውቅም።

ልጆቹን ልናገር። ትልቋ በአንድ ሴሚስተር ውስጥ አፏ ኦክላሆማኛ ሆነ። ድሬዳዋ ካለችው አያቷ ጋር በኢሞ ስታወራ "ያል" ትላታለች፣ "ሃው ያል ዱኢን"። እናቴ "ምን አለች?" ትለኛለች፣ "ደህና ናችሁ ወይ ነው" እላታለሁ፣ "እኔ ብቻዬን ነኝ፣ ናችሁ አትበለኝ" ትላለች። አክብራሽ ነው ብዬ አስታርቃለሁ።

የትምህርት ቤቱ ቲሸርት የመጣ ቀን ግን ማስታረቅ አልቻልኩም። አሜሪካ ውስጥ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ምልክት አለው፣ ንስር፣ ነብር፣ ጎሽ ምናምን። የፐርኪንስ-ትራየን ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ዲመንስ። አዎ፣ ሰይጣን። ልጄ ቀንድ ያለው ነገር ደረቷ ላይ ይዛ ገባች፣ ባለቤቴ በስመ አብ ብላ አማተበች፣ ቲሸርቱ በዚያው ሌሊት ተገልብጦ ተሰጣ። ሁኔታው የሚገርመው ከተማዋ በቤተ ክርስቲያን ብዛት የምትታወቅ ናት ማለት ይቻላል፣ እሁድ ጠዋት መንገድ ላይ ሰው የለም፣ ግን ዓርብ ማታ ፉትቦል ላይ ያው ምዕመን፣ ሽማግሌው፣ ሰባኪው፣ ሁሉም ተነስቶ "ጎ ዲመንስ!" እያለ ይጮሃል። አንዱን ጠየቅኩት፣ ግራ ገብቶት አየኝ፣ ከዚያ በፊት አስቦበት አያውቅም መሰለኝ። አሁን ባለቤቴ ራሷ ትጮሃለች፣ ሰይጣን የሚለውን ቃል ዘላ "ጎ!" ብቻ ነው የምትለው።

ሌላው ያላለቀልኝ ነገር የመሬቱ ጨዋታ ነው። ኦክላሆማ ውስጥ ብዙ ትምህርት ቤቶች ሚያዝያ ላይ ልጆቹን የድሮ ልብስ አልብሰው ሜዳ ላይ ያስሮጣሉ። ላንድ ረን ይባላል፣ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 22 ቀን 1889 እኩለ ቀን ላይ 50,000 የሚገመት ሰው መስመር ላይ ተሰልፎ፣ ሲተኮስ ሮጦ፣ የደረሰበት መሬት ላይ እንጨት ተክሎ የኔ ነው ያለበት ቀን ነው። ሁለት ሚሊዮን ኤከር አካባቢ። ፐርኪንስም ስቲልዋተርም የዚያ ውጤት ናቸው። ሰዓቱ ሳይደርስ ሾልከው የገቡት ሱነርስ ይባሉ ነበር፣ ዛሬ የስቴቱ ቅጽል ስም ነው፣ ይኮሩበታል፣ እኛ አገር ቢሆን ሊዝ ሳይወጣ አጥር ያጠረ ሰው በለው። አሁን አሁን ይሄን ጨዋታ የተዉት ትምህርት ቤቶች አሉ፣ ምክንያቱም መሬቱ ባዶ አልነበረም። የአዮዋ ጎሳ ለምሳሌ፣ ጽሕፈት ቤታቸው እዚሁ ፐርኪንስ ነው፣ የነሱ መሬት በ1891 እንደዚሁ በሩጫ ነው የተከፈተው። አሁን የቆሰለ ንስር የሚያክሙበት ቤት አላቸው፣ ልጆቻችን ሄደው አይተዋል፣ ትንሹ እስካሁን ንስር ካልሆንኩ ይላል።

ትልቋ ወረቀት ይዛ መጣች፣ "እንጨትና ባንዲራ ያዘጋጁ" የሚል። እኔ ያደግኩት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው በሚባልበት፣ አያቴ ደግሞ ለጭሰኛ ሲታወጅ መሬት ያገኙ ሰው ናቸው፣ ስለዚህ እንጨት ተክሎ የኔ ነው ማለት ለእኔ ጨዋታ አይደለም። ባለቤቴን ምን እናድርግ አልኳት። ልጅቷን ጠየቀቻት፣ "ከክፍልሽ ውስጥ የአዮዋ ልጅ አለ?" "አለ፣ ጓደኛዬ ናት" "እሷ ምን ትሆናለች?" ልጄ አሰበች፣ "እሷም ትሮጣለች" አለች። ሄዳ ሮጠች፣ እንጨቷን ተከለች። ማታ ጋሼን ስለዚህ ሳወራቸው ቅድመ አያታቸው በዚያ ሩጫ እንደገቡ ነገሩኝ፣ በኩራት ነው የጀመሩት፣ መጨረሻው ላይ ግን ድምጻቸው ቀነሰ፣ "ያኔ ረሃብ ነበር ካንሳስ ውስጥ" አሉ። ሰው ሁሉ ምክንያት አለው።

ጋሼን ካነሳሁ ጤፉን መናገር አለብኝ። የጤፍ ዱቄት እኛ የምናዘው ከአይዳሆ ነው፣ በፖስታ፣ ዋጋውን አትጠይቁኝ። አንድ ቀን ጋሼ ቤታችን እንጀራ ቀረበላቸው፣ ከምንድነው አሉ፣ ጤፍ ስላቸው ሹካቸውን አስቀመጡ። "ቴፍ? ቴፍ ነው ያልከው? ፈረሶቼን እኮ እሱን ነው የማበላቸው!" ቀልድ መሰለኝ። ይዘውኝ ሄዱ ጎተራቸው ውስጥ። እውነትም ጤፍ ነው፣ አበባውን ሳይዘረዝር ታጭዶ፣ ደርቆ፣ በአራት ማዕዘን ታስሮ እስከ ጣሪያ ተደርድሯል። ስኳሩ ትንሽ ስለሆነ ሆዱ ለሚያስቸግረው ፈረስ ጥሩ ነው አሉኝ። አንዱን ሳብ አድርጌ አሸተትኩት። በልጅነቴ አውድማ ላይ የተኛሁበት ጭድ ነው፣ ሽታው ያው ነው። ትንሹ ልጄ ላዩ ላይ ወጥቶ ይዘላል፣ ፈረሱ አፉን ያንቀሳቅሳል፣ እኔ ደግሞ የአይዳሆውን ዱቄት ዋጋ በልቤ አሰላለሁ፣ ሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። እንዲያፈራ አይተዉትም ወይ አልኳቸው። "ምን ሊያደርግልኝ?" አሉ። ለሚቀጥለው ዓመት አንድ ጥግ ሳይታጨድ ይቆይልኝ ብዬ ለምኛቸዋለሁ፣ እስቲ እናያለን፣ እዚህ ዝናብና ንፋሱ መቼ እንደሚጥለው አይታወቅም።

ንፋስ ስል ቶርኔዶውን እንደምትጠብቁ አውቃለሁ፣ ኦክላሆማ ሲባል ሰው ሁሉ የሚጠይቀው እሱን ነው። በ2013 ሙር የሚባለው ከተማ ላይ 24 ሰው የገደለው፣ በዚያው ወር ኤል ሪኖ ላይ ደግሞ ስፋቱ አራት ኪሎ ሜትር ያለፈ፣ እስከዛሬ ከተለኩት ሁሉ ሰፊው የተባለው። እኛ ላይ አልመጣም፣ ይመስገን። ሳይረኑ፣ የማስጠንቀቂያው ጩኸት፣ ግን መጥቷል። ማታ ነው፣ ግንቦት፣ ሰማዩ አረንጓዴ ሆነ ስል ውሸት ይመስላችኋል። ቴሌቪዥን ላይ የአየር ሁኔታ ሰውዬው ኮቱን አውልቆ የመንገድ ስም ሳይቀር እየጠራ "ሎጋን ካውንቲ፣ ፔይን ካውንቲ" ይላል፣ ፔይን እኛ ነን። ጋሼ ባትሪ ይዘው መጡ፣ አልተናገሩም፣ በእጃቸው ብቻ ኑ አሉ። ጓሯቸው ውስጥ ከመሬት በታች የብረት በር ያለው ክፍል አላቸው፣ ወረድን፣ እሳቸው፣ ሚስታቸው፣ ውሻቸው፣ እኛ አራታችን፣ ግድግዳው ላይ በጠርሙስ የታሸገ ባሚያና ኮክ። ልጆቹን በጋቢ ጠቅልዬ ይዣለሁ። ከላይ በረዶ በሩን ይደበድባል።

ባለቤቴ ፍርሃቷን የምትወጣው በማስተማር ነው። እዚያ ጨለማ ውስጥ ለጋሼ ስለ ሐረርጌ ማሽላ ጉድጓድ ማስረዳት ጀመረች፣ ገበሬው ከመሬት በታች እንደ ጋን ሆዱ ሰፊ አፉ ጠባብ አድርጎ እንደሚቆፍር፣ ማሽላውን ሞልቶ ከላይ እንደሚደፍነው፣ ወራት እንደሚያስቀምጥ። ጋሼ ከሳይረኑ ይልቅ እሱ ነገር ያዛቸው። "ጥግ ጥጉ አይበሰብስም?" "ይበላሻል፣ ዳርና ታቹ" "ስንት ያህሉ?" "እንደ አፈሩ ነው" "ሽታስ?" "ይሸታል፣ የለመደ ሰው ግን ይወደዋል"። እንደዚህ እየተባባሉ ሳይረኑ ቆመ። ስንወጣ የእኛ ቤት እንዳለ ነው፣ የሆነ ሰው ትራምፖሊን ብቻ አጥራችን ላይ ተቀምጧል። ባለቤቱን ለማግኘት ፌስቡክ አላስፈለገም፣ ጠዋት ሰባት ሰዓት ላይ (በፈረንጅ) ራሱ መጥቶ ይቅርታ ጠይቆ ወሰደ።

እና መመለስ። ይሄን ሳልጽፍ ባልፍ ዳላስ ያሉት ይስቁብኛል። ለበዓል ዳላስ እንሄዳለን፣ አራት ሰዓት መንዳት ነው፣ ለቅዳሴም ለቅርጫም ለበርበሬም። እዚያ ከበሬታ የሚሰጡን ልጆቻችንን አይተው እንጂ እኛንማ እንደ ሞኝ ነው የሚያዩን። "ወረቀት ጀመራችሁ?" ነው ጥያቄው። ጄ ዋን ሆነህ በመንግሥት ገንዘብ ከተማርክ ሁለት ዓመት አገርህ ተመልሰህ ሳትኖር ግሪን ካርድ የለም፣ ኤች ዋን ቢ የሚባለው የሥራ ቪዛም የለም፣ ተከትሎ የመጣውም ያው ነው፣ ዌቨር የሚሉትን ከዚህ ግዴታ ነጻ የሚያደርግ ፈቃድ ካላገኘህ በቀር። ይሄን ስነግራቸው ሁሉም ጠበቃ ያውቃል። "አገሩ እንዴት እንደሆነ እያየህ?" ይሉኛል። አያለሁ እንጂ፣ ስልኬ ላይ ሌሊት ሌሊት ሌላ ምን አያለሁ። ባለቤቴ ግን ዘሯን ይዛ መመለስ ነው የምትፈልገው፣ እዚያ ተማሪዎች አሏት፣ ማሽላውም የዚያ ነው። እኔ አንዳንድ ቀን ከእሷ ጋር ነኝ አንዳንድ ቀን ከዳላሶቹ ጋር ነኝ፣ እንደ ቀኑ ዜና። ልጆቹን አልጠየቅናቸውም፣ ፈርተን ነው።

ይሄ መሄድና መመለስ ግን በእኛ አልተጀመረም። መጀመሪያ ወደ እኛ አገር የሄዱት ኦክላሆማዎቹ ናቸው። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ትሩማን ፖይንት ፎር የሚባለውን የቴክኒክ ዕርዳታ ፕሮግራም ሲጀምር ኃላፊ ያደረገው የዚሁ የስቲልዋተር ኮሌጅ (የዛሬው ኦክላሆማ ስቴት) ፕሬዚዳንት የነበረውን ሄንሪ ቤኔትን ነው፣ በ1950 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ኢትዮጵያ መጥቶ ጃንሆይን ያነጋገረ፣ በ1951 መጨረሻ ኢራን ውስጥ በአውሮፕላን አደጋ የሞተ። የኮሌጁና የኢትዮጵያ ስምምነት በ1952 ተፈረመ፣ ጅማ የእርሻ ትምህርት ቤት ተከፈተ፣ ቀጥሎ ዓለማያ ኮሌጅ፣ የኦክላሆማ መምህራኑም እስከ 1968 ቆዩ። ጃንሆይ ራሳቸው በሰኔ 1954 ስቲልዋተር መጥተው ነበር። የማሽላው ሰው ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ፣ የ2009 የዓለም ምግብ ሽልማት ያገኙት፣ ያንኑ ጅማና ዓለማያን ያለፉ ናቸው። ባለቤቴ የምታስተምርበት ሐረማያ ያ ዓለማያ ነው። እና እነዚያ የኦክላሆማ መምህራን ብቻቸውን አልሄዱም፣ ሚስትና ልጅ ይዘው ነው፣ ለሁለት ዓመት እያሉ።

አንዷን አገኘናቸው። የጋሼ ቤተ ክርስቲያን ምሳ ላይ ነው፣ እኛ ጾም ላይ ሆነን ሁሉ ነገር ቺዝና ቤከን ያለበት ሆኖብን ዳቦና ሰላጣ ይዘን ጥግ ተቀምጠናል፣ ሰባዎቹ ውስጥ ያሉ ሴትዮ መጥተው በጣም ቀስ ብለው "ጤና ይስጥልኝ" አሉን። ባለቤቴ ሰላጣው አነቃት። አባታቸው ዓለማያ የእርሻ መሣሪያ ያስተምሩ ነበር፣ እሳቸው እዚያ ነው ፊደል የቆጠሩት፣ የእንግሊዝኛውን። ከአማርኛ የቀራቸው ጅብ፣ ውሃ፣ ና፣ አይዞሽ። አይዞሽን ያስተማረቻቸው ሞግዚታቸው ናት። እነሱ ለጊዜው ሲሄዱ እንደ እኛ በሁለት ሁለት ሻንጣ አይደለም፣ ፍሪጅ፣ ፒያኖ፣ የልብስ ማጠቢያ፣ በመርከብ ጅቡቲ፣ ከዚያ በባቡር ድሬዳዋ፣ ከዚያ በጭነት መኪና ዳገቱን። ለጊዜውም አለ ለጊዜውም አለ።

"ሐይቁ እንዴት ነው?" አሉን፣ የዓለማያን ሐይቅ ማለታቸው ነው። አባታቸው ትንሽ ጀልባ ነበራቸው፣ እሁድ እሁድ ሐይቁ ላይ ነበሩ፣ ወፉ ብዛቱ ብለው እጃቸውን ዘረጉ። እኔና ባለቤቴ ተያየን። ማን ይንገር? እሷ ነገረቻቸው። ለሐረር ከተማ ውሃ እየተሳበ፣ ገበሬው ለጫቱና ለአትክልቱ በፓምፕ እየሳበ፣ ደለሉ እየሞላ፣ በፈረንጅ ሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ላይ ደረቀ፣ ከብት ሲሄድበት እኔ በዓይኔ አይቻለሁ። በቅርብ ዓመታት ውሃ ተመልሶ ይዟል አለቻቸው፣ ቶሎ ብላ፣ እውነት ነው ይዟል፣ ግን የድሮው ነው ማለት አይደለም። ሴትዮዋ ኬካቸውን በሹካ ለሁለት ከፈሉት፣ አልበሉትም። "ኮሌጁስ ምን ይላል?" አሉ፣ ልክ አባታቸው አሁንም ክፍል ውስጥ ያለ ይመስል።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን ይመጣሉ፣ እኛም እማማ እንላቸዋለን፣ ቡና ሦስተኛውን ሳይጠጡ አይነሱም። ያደጉበትን ቤት ፎቶ ፈለጉ። ጓደኛዬን ግቢው ውስጥ ያለውን በቴሌግራም ለመንኩት፣ የድሮዎቹን የመምህራን ቤቶች እየዞረ አነሳ፣ እማማ አሥራ አንደኛው ፎቶ ላይ "ይሄ!" አሉ፣ በረንዳውን አውቀውት። አሁን የሚኖርበት አራት ልጆች ያሉት መምህር ነው። ፎቶው ላይ የልጆች ሳይክል ይታያል፣ የተሰጣ ልብስ ይታያል። እማማ ምን ይሰማቸው ይሆን ብለን ስንጠብቅ፣ ጓደኛዬ ሌላ መልእክት ላከ፣ ሰውየው ጥያቄ አለው፣ ቧንቧው ከመሬት በታች ፈንድቶበታል፣ ግቢው ውስጥ ያሉ ቧንቧ ሠራተኞች ዋናው መዝጊያ የት እንደተቀበረ አያውቁም፣ አሜሪካኖቹ የቀበሩበትን ቦታ ሴትዮዋ ያውቁ እንደሆነ ጠይቅልኝ ይላል።

ስተረጉምላቸው ወረቀትና እርሳስ አመጡ ከቦርሳቸው። የወጥ ቤቱን በር ሳሉ፣ ከዚያ ሮጠው የሚወጡበትን ደረጃ፣ ባሕር ዛፉን፣ አባታቸው ተንበርክከው ሲቆፍሩ እሳቸው ባትሪ የያዙበትን ቦታ። ኤክስ አደረጉበት። ፎቶ አንስቼ ላክሁት። በማግስቱ መልስ መጣ፣ መዝጊያው ተገኝቷል፣ ግን እሳቸው ካሉት በቤቱ በተቃራኒ በኩል ነው። ነገርኳቸው። "እንግዲያውስ ከእኛ በኋላ የገቡት ናቸው የቀየሩት" አሉ፣ ለመሸነፍ ዝግጁ አይደሉም።